የአለቃ አበጀ የስፌት መኪና

ይህን የምጽፍላችሁ ቆሜ ነው።

ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ታሪኩ የሆነ ነው። «ሰማሁ» አልላችሁም፤ በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የነካሁት ነው። ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ያቁም፣ አልቀየመውም። እኔም ከሰው አፍ ብሰማው ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው።

ቦታው አርብ ገበያ የምትባል ከተማ ናት። ጊዜው ካቻምና ኅዳር። ሰዓቱ ደግሞ ቀትር... ልክ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሌሊት የሚፈራ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሲነጋ ይገላገላል።

ዳዊት እባላለሁ። በአይሱዙ እህል እጭናለሁ። ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም... ቢያንስ ሲጀመር የእኔ አልነበረም። የታላቅ እህቴ የውባለም ነው። እኔ ያላየሁትን እሷ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ዋሽታኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ብላኛለች። እሱን ወደ መጨረሻው ትሰማላችሁ።

ውባለም ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስድስት ዓመት ልጇ ከመዓዛ ጋር እዚያው ጓዳ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ሥራዋ መስፋት ብቻ አይደለም፤ አሮጌ የስፌት መኪና ታድሳለች። አያት የገዛውን፣ ልጅ የጣለውን፣ ዶሮ ያደረበትን ሁሉ ውሰዱላት፤ በሳምንቱ ሲሠራ ታገኙታላችሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሌሎቹ መኪና ዝም ሲል የእሷ የእግር መኪና ብቻውን ቀኑን ሙሉ ይሮጣል።

ሙያውን ያስተማራት አባታችን ንጋቱ ነው። አባባ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይነግራት ነበር።

«የተኛ ሰው እንዳትለኪ።»

ደንበኛው ወገቡን ቢያመው እንኳ ሁለት ሰው ደግፎ ያቆመዋል እንጂ ተኝቶ አይለካም። አንድ ጊዜ አልጋ የያዙ መሪጌታ ካባ ሲያሰፉ አባባ በዓይኑ ገምቶ ነው የቆረጠላቸው። «ለምን?» ስንለው «ተኝቶ የሚለካው ሬሳ ነው» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኛ ልጆች ነበርን። እንስቅበት ነበር።

መኪናውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

ቤተ ልሔም ወደምትባል የገጠር ደብር ገብስ ልጭን ሄጄ ነው። እህሉን የሸጠልኝ ይበልጣል የሚባል ገበሬ ከጎተራው ጥግ አንድ ነገር አሳየኝ። ባለ እግር የስፌት መኪና፣ የዱሮ፣ ከላይ እስከ ታች ዝገት የበላው።

«የአባቴ ነበር» አለኝ። «እናቴ ከመነኮሱ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። ቦታ ያዘብኝ፤ ውሰድልኝ።»

ዝገቱ እንደ ሌላ ዝገት አልነበረም። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበታል። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም፤ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት...

ጨው።

ብረት ላይ ጨው ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። ጭኜ መጣሁ።

ውባለም ስታየው ፊቷ በራ። ሰባት ቀን ታገለችው። በነጭ ጋዝ አጠበችው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው፣ እያንዳንዷን ብሎን እየፈታች ዘይት ውስጥ ዘፈዘፈቻት። ከዝገቱ ሥር ጥቁሩ ቀለም ብቅ አለ።

ትንንሽ ነገሮችን ማስተዋል የጀመረችው ያኔ ነው።

የስፌት መኪና ሆዱ ሲከፈት ዕድሜውን ሙሉ የሰፋውን ይናገራል። የቀይ፣ የሰማያዊ፣ የአረንጓዴ ልብስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተጠቅጥቆ ይገኛል። የዚህኛው ሆድ ግን...

ነጭ ብቻ።

መሳቢያውን ሳበችው። ቁልፍ የለም። ጠመኔ የለም። ሜትር የለም። አንድ ጥቅል ነጭ ክር ብቻ።

«ነጠላ ሲጠልፍበት የኖረ ሰው ይሆናል» አለችኝ በስልክ።

«ይሆናል» አልኳት።

የመጨረሻዋን ብሎን ያሰረችው ማክሰኞ ቀን ነው። ፔዳሉን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አጠበቀች፣ መርፌው ላይ ጥቁር ክር አስገባች፣ ፔዳሉን ረገጠች። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ልስልስ ያለ መኪና ረግጣ አታውቅም። ብቻዋን ትስቅ እንደነበር ነግራኛለች።

ለሙከራ ብላ የአቡጀዲ ጣቃ ጫፍ ከመርፌው ሥር አስገብታ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንዳለ ተወችውና ለመዓዛ ምሳ ልታበላ ወደ ጓዳ ገባች።

የኅዳርን ቀትር ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ከገበያ ቀን በስተቀር ከተማው ጭር ይላል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም።

ስትመለስ አቡጀዲው ላይ ስፌት አለ።

አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ጠርዝ ጠርዙን።

በነጭ ክር።

መርፌው ላይ ያለው ክር ግን... አሁንም ጥቁር ነው።

«መዓዛ!»

«አቤት፣ እማ።»

«ማን ነካው ይህን?»

«እኔ አልነካሁም... ካንቺ ጋር አልነበርኩ?»

እውነቷን ነው። ከአንድ ትሪ ነበር የበሉት።

ሰፊ ሰው ግራ ሲገባው መለካት ይቀናዋል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ስፌቱን ለካችው። መቶ ሰባ አራት ሳንቲም።

ሐሙስ ጠዋት ፊት ለፊቷ የሚኖረው ባለወፍጮ አያ ካሳ ሞተ።

ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። የሚያመው ወገቡን ብቻ ነበር። ለመግነዝ የሚሆን አቡጀዲ ፍለጋ ወደ ውባለም የመጣው ዲያቆን ቀለመወርቅ ነው። ጣቃውን ገለጥ አድርጎ ቆም አለ።

«እትዬ ውባለም... ይህ እኮ ተሰፍቷል።»

«ለሙከራ ነው። እሱን ተወውና ከወዲያኛው ጫፍ ቁረጥ።»

«ኧረ ይሁን። ለመሬት ነው።»

የተሰፋውን ቆርጦ ይዞ ሄደ። ከቀብር መልስ ግን በሯ ላይ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልኩን በምን አወቅሽው?»

«የምኑን ልክ?»

«የአያ ካሳን። ስፌቱ ከአናቱ እስከ ተረከዙ... ፀጉር ታህል አልበለጠም፣ አልጎደለም።»

ውባለም ፊቷን አዞረችበት።

ቤት ገብታ ክሩን ከመርፌው ነቀለች። ቺንጋውን አወለቀችና ሚስማር ላይ ሰቀለችው። መኪናውን በጆንያ ሸፈነችው። ያለ ቺንጋ ምንም መኪና አይዞርም፤ ይህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አርብ ምንም የለም። ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ሰኞም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ከጓዳ ስትወጣ ጆንያው መሬት ላይ ወድቋል።

ሚስማሩ ባዶ ነው።

ቺንጋው... ቦታው ላይ ነው።

ከመርፌው ሥር አቡጀዲ አለ። መደርደሪያ ላይ አጥፋ ያስቀመጠችው ጣቃ። አዲስ ስፌት። ነጭ።

ይህኛው አጭር ነው።

ለካችው። መቶ አሥራ ሁለት።

መቶ አሥራ ሁለት ሳንቲም የአዋቂ ሰው ልክ አይደለም።

ወደ ጓዳ ሮጠች። መዓዛ መደቡ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ትተነፍሳለች። ደህና ናት። ውባለም ግን እናት ናት፤ በጭንቅላቷ ውስጥ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የእሷ ነው? አይደለም? መልሱን የሚሰጣት ሜትር ደግሞ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቷን ልትቀሰቅሳት አንጀቷ አልቻለም። ሜትሩን ከተረከዟ ጀመረች... እስከ አናቷ ዘረጋችው።

መቶ አሥራ ሁለት።

የአባባ ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው። ሜትሩ እጇ ላይ እያለ።

«መዓዛ፣ ተነሽ... ተነሽ፣ ቁሚ!»

ልጅቷ ዓይኗን እያሻሸች ቆመች። ውባለም እንደገና ለካቻት። መቶ አሥራ አንድ። ሰው ሲተኛ አንዲት ሳንቲም ያህል ይረዝማል፤ ሲቆም ይመለሳል። ሲቆም ልኩ አይገጥምም። እህቴ በአንዲት ሳንቲም ደስ ሊላት ምንም አልቀራት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዓዛን ትኩሳት ያዛት።

ደወለችልኝ፤ በረርኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ደሟ ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። መድኃኒቱን ዋጠች፤ ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ረቡዕ እህል እምቢ አለች። ሐሙስ በጠዋት እናቷ ጭን ላይ አድርገን፣ በአይሱዙው ጋቢና፣ ወደ ቤተ ልሔም ወጣን። የስፌት መኪናው ምን ሲሰፋበት እንደኖረ የሚነግረን ሰው እዚያ ነው ያለው።

የይበልጣል እናት እማሆይ አመተ ማርያም በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖራሉ። ባላቸው አለቃ አበጀ ይባሉ ነበር። ስለ ስፌት መኪናው ስናነሳባቸው መቁጠሪያ የያዘው እጃቸው ቆመ።

«ያ ብረት የት ነው ያለው?»

«እኔ ጋ ነው፣ እማሆይ።»

«ዝገቱስ?»

«አስለቀቅሁት» አለች ውባለም። «አደስኩት።»

«ውይ ልጄ...» አሉ። «እኔ እኮ ነኝ ጨው የነሰነስኩበት። ዓመት በመጣ ቁጥር። እንዳይዞር ብዬ። ለይበልጣል ልንገረው ስል ልቤ እምቢ አለኝ፤ ብረት ነው ብሎ ጣለው።»

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን።

«አለቃ ለድሃና ለቆሎ ተማሪ መግነዝ ይሰፉ ነበር። በነጻ፣ ለነፍሳቸው ብለው። ሠላሳ ዓመት ሌላ ነገር አልሰፉበትም። በኋላ ግን... ብረቱ ቀደማቸው። ሰው ሳይሞት ይሰፋ ጀመር። ቀትር ላይ። የማን እንደሆነ ብረቱም አያውቀው፤ ልኩን ብቻ ነው የሚያውቀው። ልኩ ሆኖ ተኝቶ የሚለካ ሰው እስኪገኝ ይጠብቃል።»

እኔና ውባለም ተያየን። አያ ካሳ! ወገቡ አላስቆም ስላለው አናጢው አልጋ ሊሠራለት ወለል ላይ አስተኝቶ ነበር የለካው። በሞተበት ዋዜማ። ሰፈሩ ሁሉ ስቆበት ነበር።

እማሆይ ወደ መዓዛ አዩ። ልጅቷ ከንፈሯ ደርቆ እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋለች።

«ቆማ ነው የለካሻት... ወይስ ተኝታ?»

ውባለም ልጇን አጥብቃ አቀፈች።

«ተኝታ» አልኩ እኔ።

እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ልተርትረው?» አለች ውባለም። «ጨርቁን ላቃጥለው?»

«አለቃም ተርትረውት ነበር። በማግስቱ ይመለሳል። ማሳጠር አይቻልም፣ ልጄ። ማስረዘም ነው የሚቻለው።»

«እንዴት አድርጌ?»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ይበልጣል ሕፃን ሆኖ የታመመ ጊዜ... አለቃ አቡጀዲው ላይ ተኙና ‹ለኪኝ› አሉኝ። ለካኋቸው። ተነሥተው ስፌቱን እስከ ልካቸው ቀጠሉት። ልጁ ዳነልኝ።»

«አለቃስ?» አልኩ።

«በማግስቱ ቀበርናቸው።»

ስንመለስ ውባለም በመንገድ ሁሉ የመዓዛን ፀጉር ስትዳብስ መጣች። ቆርጣ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ።

ማግስቱ አርብ ነበር። ውጭ ገበያው ይንጫጫል፣ አህያ ያናፋል፣ ሰው በጓያና በባቄላ ይከራከራል። እሷ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። አቡጀዲውን ወለሉ ላይ ዘረጋችውና ተረከዟን ከስፌቱ መነሻ ጋር አስተካክላ በጀርባዋ ተኛች።

«ለካኝ።»

«እትዬ... ተይ።»

«ዳዊት፣ ለካኝ። አናቴ ጋ በጠመኔ ምልክት አድርግ። መዓዛን ላንተ ትቼያለሁ። ትምህርቷን እንዳታቋርጥብኝ፣ ሌላ ምንም አልልህም።»

እንባዬ እየወረደ ተንበረከክሁ። ሜትሩን ዘረጋሁ። አናቷ ጋ ሲደርስ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል። ጠመኔው በእጄ ነው።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ስፌቱ የሚጠብቀው ተኝቶ የተለካ ሰው ከሆነ... ከእሷ አስረዝሜ ባሰምረውስ? የመዓዛም አይሆን፣ የእሷም አይሆን። ከእንግዲህ ማንም ተኝቶ እንዳይለካ እናደርጋለን። ስፌቱ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ከአናቷ ስምንት ሳንቲም አሳልፌ አሰመርኩ። መቶ ስድሳ ሰባት ላይ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ተነሥታ መኪናው ላይ ተቀመጠች። የመዓዛ ስፌት ያለቀበትን ከመርፌው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ጨርቁ ይሄዳል... ይሄዳል... ድምፅ የለም።

ምልክቱ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት እግሯ ቆመ።

ጠመኔውን አየችው።

ውባለም ሱሪ በዓይኗ የምትቆርጥ ሴት ናት። ስምንት ሳንቲም አይደለም፣ አንዲት አታመልጣትም። ቀና ብላ አየችኝ። ከእግሬ ጀምራ... እስከ ራሴ። ቀስ ብላ።

የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

ከጓዳ መዓዛ አቃሰተች።

ውባለም አፏን ዘጋች። ፔዳሉን ረገጠች። እስከ ምልክቱ ሰፋችው።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሰባት ሰዓት ሳይሆን መዓዛ «እማ፣ ውሃ» አለች። ግንባሯን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ማታ እራቷን በላች። ውባለም ልጇን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ በደስታ መሰለኝ። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። መኪናውን ከነአቡጀዲው ጓሮ ቀበርነው፤ አንድ ኩንታል ጨው ላዩ ላይ ደፋሁበት።

ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። እህቴ አልሞተችም። እኔም በብልሃቴ ስኮራ ከረምኩ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ አርብ ጀምሮ በየቀኑ ትደውልልኛለች። ልክ በስድስት ሰዓት።

«ቆመሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

ትዘጋዋለች። ሌላ ቃል የለም። መጀመሪያ ላይ ሳቅሁባት። ሐዘን አይሉት ድንጋጤ ነገር ነክቷት ነው አልኩ።

አምና ለፋሲካ ቤቷ ሄጄ እሷ ደጅ በወጣችበት የልክ ደብተሯን አገኘሁት። ልብሴን ሁሉ የምትሰፋልኝ እሷ ናት። ስሜን ፈለግሁ።

ዳዊት። ትከሻ 44። ወገብ 80። ቁመት 166።

ይህ ቆሜ ነው።

አንዲቷን ሳንቲም እናንተው ደምሩባት።

አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ? ልጇ ናት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ፔዳሉን እረግጥ ነበር ይሆናል። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አዝኛለሁ። ያን ቀን ለመናገር የከፈተችው አፏ ሲዘጋ በሕልሜ እያየሁት አሁንም እነቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን አልተኛም። ማታም እጥፍጥፍ ብዬ ነው የምተኛው፤ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ። እንዲህ የተኛ ሰው ልኩ አይታወቅም።

ትናንት ማክሰኞ ግን...

ደብረ ታቦር ላይ ሌሊቱን እህል ስጭን አድሬ፣ ጠዋት ነድቼ ንፋስ መውጫ ልደርስ ስል ጎማ ፈነዳብኝ። ቀይሬ ስጨርስ እንቅልፍ አስቸገረኝ። በመኪናው ጥላ ሥር ሸራ አነጠፍኩና ኩርምት ብዬ ጋደም አልኩ። ለአምስት ደቂቃ ነው፣ አልኩ።

የቀሰቀሰኝ ስልኩ ነው።

ስድስት ሰዓት።

በጀርባዬ ነው የተኛሁት። ቀጥ ብዬ። እግሮቼ ገጥመዋል፣ እጆቼ ከጎንና ጎኔ ተዘርግተዋል። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ሰው የለም። የታጨደ የገብስ ማሳ ብቻ።

ከዚያ ዝቅ ብዬ ሸራውን አየሁት።

ከጎኔ ነጭ ክር ተዘርግቷል። ከተረከዜ ጀምሮ... እስከ አናቴ። ፀጉር ታህል አልበለጠም፣ አልጎደለም።

ስልኩን አነሣሁት።

«ቆመሃል?» አለችኝ።

ክሩን በጣቴ ነካሁት። በአናቴ በኩል ያለው ጫፍ ገና እርጥብ ነበር... በጥርስ እንደተበጠሰ ክር።

«ቆሜያለሁ» አልኳት።